የሎሚ ሳል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 የቁጠባውን ሪፖርት ሰምታችኋል። አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ወፍ እንነግራችኋለን። ብትስቁ አንቀየምም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

ሎሚ የምንላት አረንጓዴ፣ ግንባሯ ቢጫ የሆነ በቀቀን ናት። ሰበታ የሚኖሩ አንዲት እናታችን ለብዙ ዓመታት በሰው ቤት ሠርተዋል። አሠሪዎቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ «አደራ» ብለው ትተውላቸው ሄዱ። ዘሯ የአማዞን በቀቀን ይባላል፤ አገሯ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ የመናገሻ ሱባ ደን ጎረቤቶች ለበቀቀን እንግዳ አይደለንም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፣ ራሱ ቢጫ የሆነ በቀቀን በዚያ ደን ይኖራል። ነገር ግን በዛፍ ላይ ማየትና በቤት ማሳደር ለየቅል ነው።

እናታችን የሱፍ አበባ ፍሬና የተረፈ እንጀራ ብቻ ይሰጧት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ቅባት የበዛበት ፍሬ ብቻውን ጉበቷን እንደሚጎዳና ቫይታሚን ኤ እንደሚያሳጣት ነገሩን። አሁን ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና የተቀቀለ ሽንብራ ትበላለች። ቃሪያም ከነፍሬው ትቆረጥማለች፤ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማትም። ለእኛ የሚስማማን አቮካዶ ግን ለእሷ መርዝ ነው። ቸኮሌት፣ ቡና፣ አልኮልና ጨው የበዛበት ምግብም አይሰጣትም። ሲመሽ ጎጆዋ ይሸፈናል፤ ከ10 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባት። የምትቀረጥፈው ቀለም ያልተቀባ እንጨት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያጫውታት ሰው ያስፈልጋታል።

ባለፈው ክረምት ሎሚ መሳል ጀመረች። ደረቅ፣ የሚያንቃት የሚመስል ሳል ነበር። ደነገጥን፤ ገንዘብ አዋጥተን ሐኪሙን ጠራነው። ላባዋን፣ አተነፋፈሷንና ኩሷን አየ። «ወፏ ደህና ናት» አለን። «ወፍ እንደ ሰው ድያፍራም ስለሌላት እንዲህ አትስልም። ይህ የተማረችው ድምፅ ነው። ከማን ተማረችው?»

ሁላችንም ዞረን እናታችንን አየናቸው።

አብረናቸው በርበሬ ስናምስ፣ ሽሮ ስንቆላ ዓመታት አልፈዋል። ሳላቸውን እንደ በር መንቋቋት ለምደነው ነበር። ወፏ ሰማች፤ እኛ አልሰማንም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። በቀቀን እንደሚያሳድጉም ነገርናቸው፤ ከደረቀ ኩሷ በሚነሣ ብናኝ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታ አለና። ወፍ ያላችሁ ሁሉ ስትታመሙ ይህን ለሐኪም መንገር አትርሱ። ከምርመራው በኋላ ግን የእናታችን ሕመም ከወፏ ሳይሆን ከጭስ የመጣ ነው ተባልን።

እህቶቻችን፣ በእንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ወፍ መርዘኛ አየር ከሰው ቀድሞ ስለሚጥላት እሷ ስትዝለፈለፍ ይወጣሉ። እኛም ሎሚን ያስቀመጥናት ምድጃው አጠገብ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ምድጃው ሥር የምንውለው ደግሞ እኛና በጀርባችን ያዘልናቸው ልጆች ነን።

ስለዚህ የማመሻውን ቦታ ከቤት አውጥተን ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር አደረግነው። በርበሬ የምታምሰው በየሳምንቱ ትቀያየራለች። ከሰል በተዘጋ ቤት አናቀጣጥልም፤ ቡናውም በር ተከፍቶ ይፈላል። የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ አንረሳም፤ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ወፍ በአጭር ጊዜ ይገድላል። እናታችን አሁን ማሸግና ሒሳብ መያዝ ላይ ናቸው። ሳሉ ጨርሶ ባይለቃቸውም ሌሊት ይተኛሉ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል። እናታችን 63 ዓመታቸው ነው፤ እንደ ሎሚ ያለች በቀቀን በደንብ ከተያዘች 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። «ከእኔ በኋላ ማን ያያታል?» ብለው ጠየቁን። «ልጆቻችን ሳይጠግቡ ለወፍ?» ያሉ እህቶች ነበሩ፤ እውነት አላቸው። ስለዚህ ከቁጠባው ሳንቲም እንዳይነካ፣ የፈቀደ ብቻ እንዲያዋጣ ተስማማን። «ሱባ እንልቀቃት» የሚልም ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ደኑ አገሯ አይደለም፤ በብርድና በረሃብ ትሞታለች፣ ለአገራችን ወፎችም በሽታ ልታመጣ ትችላለች። ሱሉልታም በረዳት። በመጨረሻ የቡራዩ አንዲት እህታችን «እኔ እቀበላለሁ» አለች። ወፏ እንድትለምዳት በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ታበላታለች።

ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። ከጫካ የተያዘ በቀቀን ይዞ የሚመጣ ልጅ ብታዩ አትግዙት፤ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይያዛል። ደጋፊዎቻችን ደግሞ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚቀሩን ሁለት ዳሶች ቆርቆሮና ጭስ ማውጫ ብታግዙን።

ሎሚ ዛሬም ትስላለች። የተማረችውን አትረሳም። በሳለች ቁጥር ግን አንዳችን ተነሥተን በሩን እንከፍታለን።