ለዋልካ የሚሆን እግር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርት ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ሳንቋጨው ያደረ ጉዳይ አለ። የአንዲት አባላችን ልጅ የምህንድስና ትምህርቷን ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ሰው ሠራሽ እግር የሚጠናበት የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተቀብሏታል። የጎደላት መሄጃና የመጀመሪያዎቹ ወራት የቤት ኪራይ ነው። ከቁጠባችን ብድር ይሰጣት ሲባል «ቤተ ሙከራ እንጀራ ይሆናል? ደመወዝ ያለው ሥራ ትፈልግ» ያልን ብዙዎች ነበርን። የትምህርት ክፍሉ ሦስታችንም ከእነዚያ መካከል ነበርን። አጣርታችሁ አቅርቡ ስላላችሁን አጣራን፤ ሐሳባችንም ተለወጠ።

መጀመሪያ የሄድነው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን እህታችን ቤት ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የምንናገረውም ፈቅዳልን ነው። ልጅ ሳለች ከዛፍ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ አጥብቆ አሰረው። ጣቶቿ ቀዘቀዙ፣ ደነዘዙ፣ ጠቆሩ፤ «ሲድን ነው» ተባለ። ሐኪም ቤት ስትደርስ ከጉልበት በታች ከመቁረጥ ሌላ መላ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ፦ ስብራቱ የታሰረለት ልጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሲነኩት ካልተሰማው፣ ያኔውኑ ማሰሪያውን አላልቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ይንጋ ማለት የለም። በዚህ ሰበብ እጅና እግር ማጣት በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነገር ነው።

እህታችን ካደገች በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶላታል። እግሩን ያገኘነው ግን ከጎተራው ኋላ ቆሞ ነው። ለበዓልና ለለቅሶ ታደርገዋለች፤ ለሥራ ክራንች ትይዛለች። ምነው ስንላት «ይሄ እግር አስፋልት እንጂ ዋልካ አያውቅም» አለችን። በሐምሌ ማሳ ስትገባ ጭቃው ይዞ ያስቀረዋል፤ ልትነቅለው ስትል ጉቶዋ ከማቀፊያው ይሾልካል። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ስትል የማቀፊያው ጠርዝ ከጉልበቷ ኋላ ይቆርጣታል። ውኃ አዝላ ቁልቁለት ስትወርድ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይተጣጠፍ ጉልበቷን ወደ ፊት ይገፋታል። ሁለት ጊዜ ወድቃ ጀሪካኑን ሰብራለች። «ጀሪካኑን ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር፤ የፈራሁት ሌላውን እግሬን ነው» አለች።

ጥፋቱ የሠራላት ባለሙያ አይደለም። አሠራሩን ልጅቷ አስረድታናለች። ጉቶው በጄሶ ፋሻ ይጠቀለላል። ሲደርቅ ይወልቅና ውስጡ በጄሶ ይሞላል፤ የጉቶው ምስል ይወጣል። ባለሙያው ክብደት የሚችለውን ቦታ እየፋቀ፣ አጥንት የወጣበትን እየደለደለ ያስተካክለዋል። ከዚያ በምድጃ የጋለ ፕላስቲክ ይለበስበታል። ፕላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ የማዳበሪያ ከረጢታችን የሚሸመንበት ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በብዙ አገሮች የሚጠቀምበት ርካሽ ስለሆነና ቀልጦ ዳግም ስለሚሠራ ነው። በእጅ የሚሠራ፣ ጥበብ ያለው ሥራ ነው። ነገር ግን ከታች የሚገጠመው መዳፍ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው፤ ሲታሰብም የእኛ ማሳ አልታሰበም።

ርቀቱም አለ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ወዳለው የአካል ተሃድሶ ማእከል ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ 300 ያህል፣ ያውም የዓባይን በረሃ አቋርጦ። አንዴ ሄዶ መመለስ አይደለም። ጉቶ ይከሳል፣ ማቀፊያ ይሰፋል፣ ማሰሪያ ይበጠሳል። ልጅ ከሆነ እያደገ ስለሚሄድ በየስድስት ወሩ፣ በየዓመቱ መቀየር አለበት። ልጇን ያዘለች እናት ይህን መንገድ ስንቴ ትመላለሳለች?

ታዲያ ቤተ ሙከራው ምን ይጠቅማል? ሕንድ አገር ጃይፑር የሚባል ከተማ አለ። እዚያም ከውጭ አገር ንድፍ የተቀዳ እግር ለገበሬዎች ይሰጥ ነበር፤ እነሱም እንደ እህታችን ጥለውት በክራንች ይሄዱ ነበር። ቁጢጥ አያስብል፣ መሬት ላይ አያስቀምጥ፣ በባዶ እግር እርሻ አያስገባ። እ.ኤ.አ. በ1968 ራም ቻንደር የተባለ ብዙ ያልተማረ የእጅ ባለሙያ ከዶክተር ሴቲ ጋር ሆኖ ከጎማ የሚታጠፍ፣ ጫማ የማይፈልግ፣ ውኃ የማይፈራ መዳፍ ሠራ። ዛሬ የጃይፑር እግር ሲባል ዓለም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ከዚያው ከጃይፑር ድርጅት ጋር ሆነው ሃያ ዶላር ያህል የሚያወጣ ጉልበት ነደፉ። ተማሪዎች ነበሩ፤ እንደ ልጃችን።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 በርክሌይ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የእግር ምርምር ሲጀመር ከመሪዎቹ አንዱ ኤበርሃርት የሚባል መሐንዲስ ነበር፤ እሱ ራሱ በሥራ ላይ አደጋ ደርሶበት እግሩ የተቆረጠ። ሂዩ ሄር የሚባለውም በ17 ዓመቱ ተራራ ሲወጣ ብርድ አድርቆት ሁለት እግሮቹን አጣ፤ ኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የምርምር ቤት መሪ ሆነ። ችግሩን በሥጋው ያወቀ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። እኛን የገረመን ይህ ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በማሽን ይረገጣል። ዓለም አቀፉ መለኪያ ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ይጫን ይላል። ጥሩ ነው፤ በመንገድ ላይ ተሰብሮ ሰው እንዳይጥል። ልጅቷን ግን «ማሽኑ ጭቃ ውስጥ ይረግጣል ወይ?» ብለን ጠየቅናት። ሣቀችና «አይረግጥም፤ እስካሁን ያልጠየቁት ከሆነ እኔ እጠይቃለሁ» አለች። እኛም ዋልካ ውስጥ ያደገች ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብትቀመጥ ምን እንደሚለወጥ ያን ጊዜ ገባን።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቀናታል፤ ለእናንተም እንናገር። ተመራማሪዎች አንድ ቀን ወደኛ መጥተው «ሞክሩልን» ሊሉ ይችላሉ። እሺ ከማለታችን በፊት ወረቀቱ በአማርኛ ይነበብልን፤ ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል፣ ጥናቱ ሲያልቅ እግሩ ለእኛ ይቀራል ወይስ ይወሰዳል ብለን እንጠይቅ። ከመሃል ማቋረጥም መብት ነው፤ አቋረጠች ተብላ ሕክምና የምትከለከል ሴት መኖር የለባትም። የእርሻና የወሊድ ወራትም ይቆጠርልን። የእህታችን ጉቶ እርጉዝ ሳለች አብጦ ማቀፊያው አልገባ ብሏት ነበር፤ ይህንን ማንም አልጠየቃትም።

ብድሩን በተመለከተ፦ እንደማንኛውም አባል ዋስ ትጠራለች፤ ወለዱ ያው ነው፤ መክፈል የምትጀምረው ግን ከስድስት ወር በኋላ እንዲሆን እንጠይቃለን። ልጅቷ በየክረምቱ እረፍቷ መጥታ እህታችንንና ሌሎች እግር ያጡ የአካባቢያችንን ሰዎች ለማነጋገር ቃል ገብታለች። ቃል ገብታለች ነው ያልነው፤ ውል አላስፈረምናትም፤ ይህን የምትቃወም ካለች ትናገር።

እህታችን ከጎተራው ኋላ ያለውን እግር ልታውሳት ተስማምታለች። ልጅቷ ለቤተ ሙከራው ልታሳይ ይዛው ትሄዳለች። እህታችን ልታጥበው ውኃ ስታቀርብ ደረስንና ተይው አልናት፤ የሐምሌው ጭቃ እንዳለ ይሂድ። አሁን ድምፅ እንስጥ፤ ብድሩን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።