ጣራችንን ከሰኔ በፊት እንየው

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን "ስለ ቤት አያያዝ አንድ ነገር ተናገሪ" ስትለኝ "ስለ ጣራ እናገራለሁ" አልኳት። ሳቀችና "አናጢ ሆንሽ እንዴ?" አለችኝ። አናጢ አይደለሁም። እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት መሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ጣራ ካሳየኝ መከራ የተማርኩት አለ፤ እሱን ላካፍላችሁ ነው የቆምኩት።

ከአራት ዓመት በፊት ከማኅበራችን ብድር ወስጄ ጤፍ ገዛሁ። ጓዳዬ ውስጥ በማዳበሪያ ደርድሬ፣ ክረምቱን ሳልሳቀቅ እጋግራለሁ ብዬ ነበር። ጣራው ግን ቀደም ብሎ ነግሮኛል። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት አይቼ "የድሮ ነው" ብዬ ተውኩት። በሚቀጥለው ክረምት ክቡ ሰፋ፤ እኔም ሥሩ ሳፋ አስቀመጥኩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ውሃ ሲጠጣ የኖረው ኮርኒስ ከነአቧራው ተዘርግፎ ጤፌ ላይ ወደቀ። ልጄ የተኛችው ከዚያው አጠገብ ነበር። እግዚአብሔር አተረፋት። ጤፉ ግን ግማሹ ረጥቦ ሻገተ። ለንግድ ብዬ ከተበደርኩት የተረፈኝ ብር ለቆርቆሮና ለሞራሌ ወጣ። ያን ዓመት ብድሬን የመለስኩት ዘግይቼ፣ ከነቅጣቱ ነው፤ መዝገባችን ላይ አለ።

አናጢው ጣራውን ሲገልጠው ያሳየኝ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነገሩ የጀመረው ጎማቸው በተሰነጠቀ አራት ምስማሮች ነው። በእነሱ ዙሪያ የገባው ውሃ ሞራሌውን አበሰበሰው፤ የበሰበሰው እንጨት ምስማር መያዝ አቃተው፤ ነፋስ ቆርቆሮውን አነሳው። ሁለት ክረምት ሙሉ ቀና ብዬ ባየው ኖሮ አራት ምስማር ይበቃኝ ነበር። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

እዚህ ጎንደር ጣራ ሲሄድ ቤት ምን እንደሚሆን የሚነግረን ሰው አያሻንም። በፋሲል ግቢ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ተመልከቱ። ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ስንወጣ የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ እናያለን። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣራው የለም፤ ዝናብና ፀሐይ እንዳሻቸው ይገቡበታል። በሌላ በኩል ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለልን። እዚያ ጣራው ሥር የተሣሉት የመላእክት ፊቶች እስከ ዛሬ ቁልቁል የሚያዩን በላያቸው ያለው ክዳን ስለተጠበቀ ነው። የነገሥታቱ ግንብ ድንጋይና ኖራ ስለሆነ ያለ ጣራም ብዙ ዘመን ቆየ። የእኛ ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ያለ ጣራ ጥቂት ክረምት እንኳ አይሻገርም።

አንድ ነገር አስቡ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ ጣራ 40 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ አንድ ከባድ ዝናብ በዚህ ጣራ ላይ 1,200 ሊትር ያፈሳል ማለት ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 60 ጊዜ ሲደፋ! ከዚያ ላይ አንድ ጀሪካን እንኳ ወደ ውስጥ ቢገባ የቤት ዕቃ ያበላሻል። ክረምታችን ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው።

"ጣራ የወንድ ሥራ ነው" ተብለን አድገናል። ምስማር መምታቱን የሚችል ይምታው። ማየቱ ግን የእኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጣራው ሥር የምንውል እኛ ነን። ከብዙው ምርመራ ደግሞ የሚበልጠው መሰላል አያስፈልገውም፤ እንዴት እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከውስጥ። ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በርና መስኮቱን ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ኮርኒስ በሌለው ቤት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ቦታዋን ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ። ኮርኒስ ያለው ቤት ከሆነ ቡናማ ክብ፣ ወደ ታች ያበጠ ወይም የረገበ ቦታ፣ የሻጋታ ሽታ ፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ፤ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። ውሃው በእንጨቱ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ቀዳዳውን ከጠብታው ወደ ላይ፣ ወደ ጣራው አናት አቅጣጫ ፈልጉት።

ቀጥሎ እንጨቱን። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ሁላችንም ቤት አለ፤ ሰፌድ የምንሰፋበት ወስፌ። እጃችን በሚደርስበት የወራጁንና የሞራሌውን ጫፍ፣ በተለይ ግድግዳው ላይ ያረፈውን፣ በወስፌ ወጋ አድርጉት። ደህና እንጨት እምቢ ይላል። የበሰበሰው ዳቦ እንደመውጋት ነው። ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። ከእንጨቱ ሥር ዱቄት የመሰለ ነገር ከተራገፈ ነቀዝ ገብቶታል። እንጨቱ ሳይታይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ብርን መጣል ነው።

ሦስተኛ ከውጭ። ከቤታችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙና የጣራውን አናት በዓይናችሁ ተከተሉት። ቀጥ ያለ ነው ወይስ መሃሉ ሰመጠ? ከሰመጠ ጉዳቱ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን እንጨቱ ላይ ነው። ጠርዙ የተነሳ ቆርቆሮ አለ? በደጋችን ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ቆርቆሮ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ በዚህ ምክንያት ምስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል። ሳይደርቅ የተመታ ባህር ዛፍም ሲደርቅ ይጣመምና ምስማሩን ይዞት ይወጣል። ነፋስ እንዳይወስደው ብለን ድንጋይና አሮጌ ጎማ ጣራ ላይ የጫንን አለን፤ እኔም ጭኜ ነበር። ድንጋዩ ሥሩ እርጥበት ይይዝና ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ቅጠል የተጠራቀመበት ቦታም እንዲሁ። ባህር ዛፍ ሥር የተሠራ ቤት ያላት እህት በየጊዜው ታስጠርገው።

ማድ ቤቱን ለብቻው እዩት። ጭስና እንፋሎት ቆርቆሮውን የሚበሉት ከውስጥ በኩል ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና መስሎ ከሥሩ እንደ ወንፊት ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ በየቀኑ የምትጋግሩ ይህን አትርሱ።

መጨረሻ ላይ ውሃው የት እንደሚወርድ ተከተሉ። አሸንዳው ተደፍኖ ወይም ወደ ኋላ ዘምሞ ከሆነ ውሃው የግድግዳውን እግር ይመታል። የጭቃ ቤት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከእግሩ ተቦርቡሮ ነው። ግድግዳው ሥር ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ውጭ ይሂድ። አሸንዳውን አስተካክላ በርሜል ላይ የጠለፈች ሴት ደግሞ ለልብስ አጠባ የሚሆን ውሃ ታገኛለች። በጎንደር ጀሪካን ይዞ ወረፋ መቆም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ለመጣችሁ እህቶች፣ የሳር ክዳንም ይናገራል። አረንጓዴ ሽበት ካወጣ፣ እንደ ገንዳ የሰመጠ ቦታ ካለው፣ እጅ ሲሰዱበት ሳሩ እየተሰባበረ የሚወጣ ከሆነ መሳሳቱ ነው። ጉልላቱ አካባቢ ያለውን አስቀድማችሁ እዩ፤ ውሃ መግባት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው። የምድጃ ጭስ ለዓይንና ለሳንባ ጠላት ቢሆንም ሳሩን ከተባይ ይጠብቀው ነበር። ምድጃዋን ወደ ውጭ ያወጣች እናት ደግ አድርጋለች፤ ክዳኗን ግን ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ ትየው።

ስለ ጥገናው ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ልበል። ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም፤ ጎማውም አይቅር። አዲስ ቆርቆሮ በአሮጌ መሃል ሲገባ ከላይኛው ሥር፣ ከታችኛው በላይ መሆን አለበት፤ ከላይ ቢደረብበት ውሃው በሥሩ ይገባል። ሬንጅ የሚቀባው ዝገቱና አቧራው ተፍቆ፣ በደረቅ ቀን ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ ይረክሳል፣ ግን በረዶ አይችልም።

በመንግሥት ቤት የምንኖር አለን። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ብዙ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል። ጣራውን ከመንካታችን በፊት ለቀበሌው በጽሑፍ እናመልክት፤ የማመልከቻውን ኮፒ እናስቀር። ማመልከቻው ሐምሌ ከሚገባ ግንቦት ቢገባ ይሻላል።

እባካችሁ፣ ማንም ሴት ብቻዋን መሰላል ላይ እንዳትወጣ። አንዷ ሥሩን ትያዝ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም። የመብራት ገመድ ባለበት በኩል መሰላል አይቆምም። መውጣት ግድ ከሆነም፣ እግር የሚያርፈው ምስማር በተመታበት መስመር፣ እንጨት ባለበት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከመካከላችን ሌሊቱን ሳፋና ድስት ስትደረድር የምታድር እናት አለች። ለማኅበሩ አትናገርም፤ ታፍራለች። ጣራ ማፍሰሱ እንደ ነውር ሆኖብናል። እኔም ያን ሁለት ክረምት ዝም ያልኩት አላየሁም ብዬ አይደለም፤ ሰው ቤቴ ገብቶ ሳፋውን እንዳያይብኝ ነበር። ብድሬ ሲዘገይ ግን ሁላችሁም ሰማችሁ። ነውሩ ሳይሸፈን ቀረ፣ ጤፌም ቀረ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አምስት አምስት ሆነን በሁለት ቅዳሜ የሁላችንንም ቤት እንይ። የሁላችንም ከታየ ማንም አታፍርም። ማኅበሩ አንድ ረጅም መሰላል ይግዛ፤ የጋራ ይሁን። በየቤቱ ያየነውን ደብተር ላይ በሦስት እንክፈለው፦ ደህና፣ ይጠገን፣ አሁኑኑ። "አሁኑኑ" የተባለው ከድንገተኛ መጠባበቂያችን ይቅደም፤ አቅመ ደካማዎችና ብቻቸውን የሚኖሩት ደግሞ ከሁሉም ይቅደሙ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። አዲስ ጣራ አልለምናችሁም። ምስማር፣ ሬንጅና ጥቂት ቆርቆሮ ግንቦት ላይ የሚገዛበት፣ አባሏም ቀስ ብላ የምትመልሰው ትንሽ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ብታግዙን፣ ለንግድ የሰጣችሁን ብድር ጣራ አይበላውም።

እናቶቼ፣ ዛሬ ስትገቡ ነጠላችሁን እንኳ ሳታወልቁ ቀና ብላችሁ እዩ። ሰኔ ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል።