ከድግሱ በፊት የእጅ ውሃው
ለገጠር እናቶችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የመጣነው ስለ ሰርግ ነው። «የጤና ሠራተኛ ስለ ሰርግ ምን አገባው?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰርግ ማለት ሁለት መቶ ሰው በአንድ ዳስ ተቀምጦ ከአንድ ድስት የሚበላበት፤ ከአንድ ጋን የሚጠጣበት ቀን ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ቀኖች ኹሉ ይልቅ የቤት ንጽሕና የሚፈተነው በዚያ ቀን ነው።

እንደሚታወቀው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ሰርግ አይደገስም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ፤ ከሚያዝያ 30 ቀን ዘግይቶ አይውልም። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ የቈየው ደስታ ኹሉ በአንድነት ይመጣል። ልጁን የሚድር ይድራል፤ ሕፃን ክርስትና የሚያስነሣ ያስነሣል፤ ግንቦት ልደታም ትከተላለች። አንዳንዱ ቤተሰብ ወጪ እንዳይበዛበት ሰርጉንና የክርስትናውን ድግስ በአንድ ዳስ ያደርጋል፤ ዘመድም ከሩቅ አገር ሳይቀር ይሰበሰባል። ይህ መልካም ነው።

ሊቃውንት ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ጊዜ ጸደይ ይሉታል። በብዙው ደጋና ወይና ደጋ አገራችን ግን በሚያዝያ ክረምቱ ገና አልገባም፤ ምንጩ ጐድሏል፤ ወንዙ ቀጥኗል፤ ዝንቡም በዝቷል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰው የሚበዛበት ወር ውሃ የሚያንስበት ወር ነው።

ውሃ ሲያንስ ደግሞ ከምኑ ላይ ይቀነሳል? ከጠላው አይቀነስም፤ ያሳፍራላ! ከወጡም አይቀነስም። የሚቀነሰው ከእጅ ውሃ ነው፤ እርሱን ማንም አይቈጥረውምና። በሰርግ ቤት ለሚነሣው ተቅማጥ ዋናው በር ይህ ነው።

ከድግሱ በኋላ ባሉት ቀኖች ሆድ ቍርጠት፤ ተቅማጥና ትውከት ሲነሣ አንዱ «ጾም ስንፈታ ቅቤው ከብዶን ነው» ይላል፤ ሌላው «ዐይን በልቶን ነው» ይላል። እውነት ነው፤ 55 ቀን ቅባት ያልቀመሰ ሆድ በአንድ ቀን ብዙ ሥጋና ቅቤ ሲገባበት ይከብደዋል። ነገር ግን ጾም ያልጾመው የሁለት ዓመት ሕፃን ስለ ምን ታመመ? በዐይን የማይታዩ ጀርሞች ከሰው ዐይነ ምድር ተነሥተው በእጅ፤ በዝንብና በውሃ ወደ መሶቡ ስለ ደረሱ ነው።

ብዙ ሰው ተሰብስቦ ውሃና መጸዳጃ ሲያጥር ምን እንደሚሆን በአገራችን ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፤ በቋራ ወረዳ፤ በበርሚል ጊዮርጊስ ለጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው ሞተ፤ ወደየአገሩ ከተመለሰው ሕዝብም ጋር ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተሻገረ። ጠበልተኛው ለጤና ብሎ ሄደ፤ ሰርገኛውም ለደስታ ብሎ ይሄዳል። ጀርሙ ግን የሄዱበትን ምክንያት አይጠይቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ድግሱን እናስቀር አንልም። የምንለው ይህ ነው፤ ከድግሱ በፊት የእጅ ውሃው ይታሰብ።

ስለ እጅ ውሃ፦ ሁለት መቶ እንግዳ ጠራን እንበል። እያንዳንዱ ሳይበላ ግማሽ ሊትር፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሊትር ቢታጠብ 200 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 10 ማለት ነው። ከመጸዳጃ ለሚመለሰውና ለወጥ ቤት ሴቶች ደግሞ 5 ጀሪካን ጨምሩ። ይህ ውሃ ከሰርጉ በፊት ባሉት ቀኖች በአህያ ተጭኖ ይምጣ፤ ተከድኖም ለብቻው ይቀመጥ። ለጠላም ሆነ ለወጥ ማንም አይንካው።

እንግዳን በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ ማስታጠብ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥሩ ልማድ ነው፤ የሚፈስ ውሃ በገንዳ ከቆመ ውሃ ይሻላልና። የጐደለው ሳሙናው ነው። የጣቶችን ጫፍ ብቻ አርሶ ማለፍ መታጠብ አይባልም። ሁለቱም እጆች በሳሙና፤ ሳሙና ቢጠፋ በንጹሕ አመድ፤ መዳፉም ጀርባውም የጣቶቹም መካከል 20 ሰኮንድ ያህል ይታሹ። ደግሞ በአንድ ፎጣ ሁለት መቶ ሰው አይጥረግበት። የዐይን ማዝ፤ ማለት ትራኮማ፤ በእጅ፤ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። እጅን አራግፎ በነፋስ ማድረቅ ነውር አይደለም። የሕፃናትም ፊት በየጊዜው ይታጠብ፤ ዝንብ የሚያርፈው ዐይነ ምላሽ ካለበት ፊት ላይ ነው።

ስለ መጸዳጃና ስለ ሰንጋው፦ ሁለቱን አንድ ላይ ማንሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። መጸዳጃ ካልተዘጋጀ እንግዳው ኹሉ ከዳሱ ጀርባ ወደ መስኩ ይወጣል። ከመካከሉ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ቢኖር የትሉ ዕንቍላል በሣሩ ላይ ይቀራል። ያንን ሣር በሬው ይግጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በበሬው ሥጋ ውስጥ ፍሬ የመሰለ ነገር ይቋጠራል። ያ በሬ ታርዶ ሥጋው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ አድጎ ብዙ ሜትር ይረዝማል። እንግዲህ የዘንድሮው ሰርግ መጸዳጃ የከርሞን ሰርግ ሥጋ ያጠራዋል ወይም ያበላሸዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ዳሱን የሚተክሉት ጐበዞች አስቀድመው ለወንድ አንድ፤ ለሴት አንድ ከወገብ በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ይቈፍሩ። ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ፤ ከውሃውም ወደ ታች ይሁን። ዙሪያው በቅጠል ይታጠር፤ አፉ ክዳን ይኑረው፤ አመድም ይቀመጥለት። በደጁ የእጅ ውሃና ሳሙና ይኑር። ሰርጉ ሲያልቅ በአፈር ይደፈን።

ሥጋውም ቀዩ ጠፍቶ እስኪበስል ይጠበስ፤ ይቀቀል። ጥሬ ሥጋ በሰርግ የክብር ምግብ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንመክረው ግን የበሰለውን ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ጥሬው ፈጽሞ አይሰጥ። የታመመ ወይም በራሱ የሞተ ከብት ከቶ አይታረድ፤ አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ከብቱን የገፈፈውንም የበላውንም ይይዛልና። ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

ስለ ወጡና ስለ ጠላው፦ ወጥ በትልቅ ድስት እንደ ተሠራ ሲያድር ውስጡ ለብ ብሎ ይቈያል፤ ጀርሞችም በዚያ ሙቀት ይራባሉ። ለመልስ የሚተርፈው ወጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ቶሎ ይብረድ፤ ይከደን፤ ሲበላም እስከ ውስጡ ድረስ ተንተክትኮ ይሙቅ። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ በዳስ ውስጥ አይቈይ።

ብዙ ሰው «ጠላ ራሱ ጀርም ይገድላል» ይላል። አይደለም፤ የጠላው ኃይል ለዚህ አይበቃም። ጋኑን በግራዋ ማጠባችሁና በወይራ ማጠናችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን ድፍድፉ የሚቀጥንበት ውሃ ከቈሸሸ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ውሃው ፈልቶ ይቀዝቅዝ። በደጋ አገር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቈይ። ማገዶ ካጠረ ለዚህ የተዘጋጀውን የውሃ መድኃኒት በላዩ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ብርጭቆና ዋንጫም በአንድ ገንዳ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ለሌላው አይሰጥ፤ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

አሁን ደግሞ ወደ ሕፃናቱ እንምጣ፤ በእነርሱ ላይ አደጋው ይከብዳልና። ወንዱ በ40፤ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ሁለቱም ስድስት ወር አልሞላቸውም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ምግቡም ውሃውም የእናቱ ጡት ብቻ ነው። አያት ለፍቅር ብላ ቅቤ ታውጠዋለች፤ አክስት ስኳር በውሃ ታቀምሰዋለች። እማማ፤ እትዬ፤ ፍቅራችሁን እናውቀዋለን፤ ግን በዚያች ጣት ላይ ያለው ጀርም ለእናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለእርሱ ግን ሕይወቱን የሚያሳጣው ነው። የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ እናቲቱን ከወጥ ቤት አስነሥታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጧትና ታጥባው። ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት እንግዳም ሕፃኑን ከሩቅ ይመርቅ እንጂ አይሳም።

ይህ ኹሉ ተደርጎ ተቅማጥ ቢነሣስ? ተቅማጥ ሰውን የሚገድለው ውሃውንና ጨውን ከሰውነቱ እየጨረሰ ነው። ስለዚህ ያስቀመጠውን ልጅ መጠጥ መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው። ጡት የሚጠባ አይቋረጥበት፤ ይልቁን ይብዛለት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ዱቄት፤ ኦ አር ኤስ የሚባለውን፤ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ዱቄቱ እስኪገኝ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ጨው ከዚህ አይብለጥ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይደር። የጤና ባለሙያው ዚንክ የሚባለውን ክኒን ከሰጠም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጥ።

ነገር ግን ዐይኑ ከጐደጐደ፤ ያለ እንባ ካለቀሰ፤ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፤ መጠጣት ካቃተው፤ ደም ካስቀመጠው ወይም ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ፤ ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በመንገድም እያጠጣችሁ ሂዱ። ትልቅ ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ወገኖቻችን፤ በሰርግ ቤት ለኹሉም አዛዥ አለው። አጋፋሪ አለ፤ እንጀራ አሳላፊ አለ፤ ጠላ ቀጂ አለ። ከእንግዲህ አንድ ሹመት ጨምሩ፤ የእጅ ውሃ ኃላፊ ይኑር። አንድ ቀልጣፋ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ ይመረጡ፤ ውሃው እንዳይጐድል፤ ሳሙናው እንዳይጠፋ፤ ማንም ሳይታጠብ ወደ መሶቡ እንዳይቀርብ ይጠብቁ። ሽማግሌውም ቢሆኑ፤ የሙሽራው ሚዜም ቢሆን፤ «እባክዎ እጅዎን» ሲባሉ አይቈጡ።

ድግሱ ያማረ ነበር የሚባለው ሁለት መቶ ሰው ጠግቦ ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ በሳምንቱ ሁለቱም መቶ ደኅና ሆነው ሲገኙ ነው። ጋብቻውን የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ፤ የተነሡትን ሕፃናት ያሳድግላችሁ።