አምቻና ጋብቻ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው፣ ሽማግሌዎች ዘወትር የሚያነሡትን «አምቻና ጋብቻ» የሚለውን ቃል ነው።

«ጋብቻ» የተገኘው «ገባ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ገባ፣ ተጋባ፣ ጋብቻ። አንዱ ወደ ሌላው ቤት መግባቱን ያሳያል። «አምቻ» ደግሞ የአማትና የአማች ወገን ነው፤ በግዕዝ የባል ወይም የሚስት እናት ሐማት ትባላለች። ስለዚህ ጋብቻ ሁለት ሰዎችን፣ አምቻ ግን ሁለት ወገኖችን ያስተሳስራል።

ለዚህ ምስክራችን የሐዲያው ገራድ የመሐመድ ልጅ እቴጌ እሌኒ ናቸው። ከ1434 እስከ 1468 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የነገሡትን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አገቡ፤ በኋላም ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን ጠበቁ፤ በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላኩ። ከሐዲያ የወጣች ሙሽራ ለአገር አለኝታ ሆነች።

በእኛም ዘንድ በአንድ ጎሣ ውስጥ መጋባት ነውር ስለ ሆነ ሙሽራ ከውጭ ትፈለጋለች። በሆሳዕናና በዱራሜ ሐዲያና ከምባታ ተጋብተው ስለሚኖሩ፣ አባቱን በአንዱ ቋንቋ፣ እናቱን በሌላው የሚጠራ ልጅ ከመካከላችን አይታጣም።

ነገር ግን ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ወገኖቻችን ከዚህ አምቻ ተለይተው ኖረዋል። በሠሩት እንስራ ውሃ እየቀዳን «ልጃቸውን አናገባም» ማለታችን ስለ ምን ነው? ቃሉ «ግቡ» ሲል በሩን የዘጋነው እኛው ነን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ነገ ልጃችሁ ከእነዚህ ወገኖች አንዷን ብትወድድ ሽማግሌ ላኩልን። እኛም ይህን ካላደረግን ትምህርታችን ከደብተር አላለፈም።