ታሪኩን እያወቅን አርእስቱ የሚጠፋን መጻሕፍት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የቁጠባ ሒሳብ አናነሳም፤ እሱ በወሩ መጨረሻ ከነደረሰኙ ይቀርባል። የዛሬው ጉዳያችን የጥያቄና መልስ ውድድራችን ነው፤ በተለይም ብዙዎቻችንን የሚያንተባትበን የመጻሕፍት አርእስት።

እንደምታውቁት በሁለት ምድብ ነው የምንወዳደረው። ስለ እህል፣ ስለ አገር ልማድ፣ ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ሲጠየቅ የእናቶች ምድብ ይቀድማል። "የመጽሐፉ አርእስት ምንድን ነው?" ሲባል ግን ጸጥ ይላል። ባለፈው "ሰብለ ወንጌል የምትገኝበት መጽሐፍ ማን ይባላል?" ተባለ። እናቶቻችን የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሣን ነገረኛነት፣ የበዛብህን መከራ አንድ በአንድ ተረኩልን፤ አርእስቱ ሳይመጣ ሰዓቱ አለቀ። "ፍቅር እስከ መቃብር" ብላ ነጥቡን የወሰደችው ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ገና አላነበበችውም፤ ራሷ ናት ስቃ የነገረችን። ከዚያ ወዲህ ሁለት እናቶች ከምድቡ እንውጣ ብለዋል። እኛን ያሳሰበን ይኸው ነው። ፊደል የቆጠርነውንም ያልቆጠርነውንም ያቀራርበናል ብለን የጀመርነው ጨዋታ የሚለያየን ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ዝምታው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም፣ ብዙዎቹ እናቶቻችን ያወቁት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምተው ነው። መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ሰው አርእስቱን በሽፋኑ ላይ ባነሳው ቁጥር ያየዋል። በሬዲዮ ግን አርእስቱ መግቢያው ላይ ይጠራና ያልፋል፤ በዛብህና ሰብለ ግን በየደቂቃው ይጠራሉ። ጆሮ ደጋግሞ የሰማውን ይይዛል። እንግዲህ እናቶቻችን የያዙት ዋናውን ነው፤ የጎደላቸው መጠሪያው ብቻ ነው።

መጠሪያውን ለመያዝ ለእኛ የረዳን አርእስቱ ለምን እንደተሰጠ መጠየቅ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር" መጨረሻውን ያስታወሰ ሰው አርእስቱን አያጣውም። "ኦሮማይ" ግን ለብቻው ምንም አይነግረንም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው "ያ የፊያሜታ መጽሐፍ" ይለዋል። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ የገባ ሲሆን፣ "ከእንግዲህ አበቃ" እንደማለት ነው። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፣ መጽሐፉ ታገደ፣ እርሱም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይህን የሰማ ሰው "ኦሮማይ" የሚለውን ቃል ይረሳዋል ብለን አናምንም።

ሌላው ችግር አንዱ አርእስት በሌላው ላይ መቆሙ ነው። "ኦሮማይ"ን ስንፈልግ "ከአድማስ ባሻገር" ይመጣል፤ ሁለቱም የበዓሉ ናቸውና። አንዴ የተሳሳተው አፋችን ላይ ከተቀመጠ ትክክለኛውን አያሳልፍም። ያኔ መታገሉ አይጠቅምም፤ ለጎረቤት አሳልፎ ትንሽ ዝም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቡናው ሲቀዳ ራሱ ይመጣል (ነጥቡ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው ክፋቱ!)። መጽሐፍና ደራሲን እንደ ስምና የአባት ስም አያይዞ መጥራትም ይረዳል፤ ሰውን በስሙ ብቻ ስንፈልግ እንደምንቸገር ሁሉ።

የጥንቶቹም ያምታታሉ። "ክብረ ነገሥት"ና "ፍትሐ ነገሥት" በየውድድሩ ይቀያየራሉ። አንደኛው ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ልጇ ስለ ምኒልክ የሚተርክ፣ ሁለተኛው የሕግ መጽሐፍ ነው። ለውርስ፣ ለቀለብ ፍርድ ቤት የተመላለሰች ሴት "ፍትሕ" የሚለውን ቃል ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እሱን ይዛ ትመልስ። እዚሁ ደጃችን ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል አለ። ገዳሙ ሴት አያስገባምና አንዳችንም በዓይናችን አላየነውም፤ ስሙን ግን ሁላችንም እንጠራለን። ያላዩትን መጽሐፍ ማወቅ ለሐይቅ ሴት አዲስ ነገር አይደለም።

ጥያቄ አውጪዎችም ይጠንቀቁ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ አርእስቱ "ልብ ወለድ ታሪክ" ነበር፤ በኋላ "ጦቢያ" ተባለ። ሁለቱንም የመለሰች ነጥብ ይገባታል። ወንድ መስላ ወንድሟን ፍለጋ የወጣችውን ልጅ ታሪክ የተናገረችስ? "ነገም ሌላ ቀን ነው" ደግሞ ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው የአሜሪካዊት ደራሲ መጽሐፍ ነው፤ የእንግሊዝኛው አርእስት ግን ስለ ነፋስ ነው የሚያወራው። የብርሃኑ ዘሪሁን "ማዕበል"ም የወሎን ረሃብ ያነሳል። ረሃቡን እዚሁ ያሳለፈች እናት ስለዚያ ዘመን ስትናገር አርእስቱን አልጠራሽም ብሎ ዜሮ መስጠት ለእኛ አይዋጥልንም። ደግሞስ ከሦስቱ ክፍሎች ዋዜማ፣ መባቻና ማግሥት የትኛው እንደሚቀድም ከእናቶቻችን በላይ ማን ያውቃል? የስንዱ ገብሩን "የልቤ መጽሐፍ" ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀም። ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ደራሲም ነበሩ፤ በሴቶች ማኅበር ካልተጠየቀ የት ሊጠየቅ ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንድትወስኑ እናቀርባለን። አንደኛ፣ አርእስቱን የጠራች ሙሉ ነጥብ፣ ታሪኩን የተናገረች ግማሽ ነጥብ ታግኝ። "ውድድር ውድድር ነው" የምትሉ እኅቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ግማሹ ግን ምጽዋት ሳይሆን የእውቀት ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ የማርፈጃ ቅጣት ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ለሻይ መጠጫ ከሚውል ጥቂት መጽሐፍ ይገዛበት። ማንበብ የምትችል አባል ከስብሰባው በኋላ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብላ ታነብባለች፤ በጀመረች ቁጥርና በጨረሰች ቁጥር አርእስቱን ከነደራሲው ትጠራለች። ግዢው እንደማንኛውም ወጪ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ እጅ እናውጣ። ከምድቡ እንውጣ ያሉት እናቶቻችን መጀመሪያ ይናገሩ።