ተጠባባቂው ሯጭ፦ ስለ ጥቂት ደቂቃዎችና ስለ ፍርዳችን

(በደብረ ሲና ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)

ደብረ ሲና ለእኔ የእንግድነት አገር አይደለችም። ከጣርማበር ዋሻ ቁልቁል የሚጠማዘዘውን መንገድ በልጅነቴ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ የዚህችን ከተማ ቆሎ ሳልይዝ ያለፍኩበትን ቀንም አላስታውስም። ርእሴ የስፖርት ቢሆንም ንግግሬን ከዚያው መንገድ ብጀምር ይቅር እንደምትሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። እንደማንኛውም የዘመኑ ሾፌር አንድ ረዳት ነበራቸው። ረዳቱ ጎማ ይቀይራል፣ ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ወርዶ ታኮ ያደርጋል፣ ሌሊት ጭነቱን ይጠብቃል። መሪ የሚጨብጠው ሸዋ ሮቢት ከታለፈ በኋላ፣ ወደ አጣዬ በሚወስደው ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ያውም አጎቴ ምሳ በልተው እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸው። አንድ ቀን በልጅ ድፍረት፣ «ጣርማበርን ለምን አይነዳም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጣርማበር መለማመጃ አይደለም» አሉኝ።

መልሳቸው ትክክል ነበር። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው በር 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ጭነት ይዞ የሚወርድ መኪና ለሙከራ የሚሰጥ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄዬም ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ጣርማበርን ሳይነዳ የጣርማበር ሾፌር የሆነ ሰው የለም። ዛሬ የምናገረው በእነዚህ በሁለቱ ትክክለኛ ነገሮች መካከል ስለሚቀመጠው ሰው ነው። በስፖርት ቋንቋ ተጠባባቂ እንለዋለን።

ሁላችንም የምናውቀውን ቅርብ ምሳሌ ላንሣ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ሳሙኤል ዋንጂሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ። ገዛኸኝ አበራ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ለኢትዮጵያ የተገኘ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ይህ ሁሉ በየጋዜጣው ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ነው፦ ታምራት ወደ ቡድኑ የገባው በተጠባባቂነት ነበር።

ኦሊምፒክ ለአንድ አገር በማራቶን ከሦስት ሯጭ በላይ አይፈቅድም። ለሌሎች አገሮች ሦስት መሙላት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ችግሩ ሦስት ብቻ መሆኑ ነው። ቀነኒሳ በቀለ፣ ደሬሳ ገለታና ሲሳይ ለማ ተመረጡ። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሲሳይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቫሌንሲያን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ በሚያዝያ 2024 ደግሞ ቦስተንን አሸንፏል። ታምራትም ቢሆን ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አልነበረም። በሪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ፣ በ2017 የለንደን የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር፣ በ2022 ኦሪገን ላይ ወርቅ አግኝቷል፤ በ2023 ኒው ዮርክን በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል። በሌላ በኩል በቶኪዮ ኦሊምፒክም ሆነ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ውድድሩን አቋርጧል። መራጭ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሲሳይን እመርጥ ነበር፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣ፤ ታምራት ገባ። የፓሪሱ መንገድ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በኦሊምፒክ ማራቶን እምብዛም ያልታየ ዳገት የበዛበት ነበር። ታምራት ተፎካካሪዎቹን የለየው በዚያ ዳገት ላይ ነው። ከድሉ በኋላ ሲሳይን በይፋ አመሰገነ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስቡልኝ። ማራቶን የሁለት ሳምንት ዝግጅት አይደለም። ያ ሰው ወራቱን ሁሉ እንደሚሮጥ ሰው ሲዘጋጅ፣ ላይሮጥ እንደሚችል እያወቀ ነበር። የቋሚ ተሰላፊና የተጠባባቂ ልምምድ በኪሎ ሜትር እኩል ሊሆን ይችላል፤ በልብ ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ቆጥሮ ይደክማል። ሁለተኛው የሚደክመው ለማይታወቅ ቀን ነው። ከዚህም ጋር የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፦ የተጠባባቂ ዕድል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በጓደኛው ሕመም ነው። ሳይመኘው ሊጠብቀው ይገባል። ይህን ሳይቆሽሽ የሚያልፍ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከወርቁ ይልቅ እርሱ ይደንቀኛል።

ከታምራት በፊትም ማሞ ወልዴ ነበር። ማሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን ኦሊምፒክ የተወዳደረ፣ ማለትም ከአበበ ቢቂላ አራት ዓመት ቀድሞ ኦሊምፒክን ያየ ሰው ነው። በ1964 በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋረጠ፤ አበበ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ አበበ በጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲወጣ፣ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ለአገሩ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። ዕድሜው 36 ነበር። ማሞ በመዝገብ ላይ ተጠባባቂ ተብሎ አያውቅም፤ ሆኖም ከታላቅ ሰው አጠገብ መሮጥ በራሱ አንድ ዓይነት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። በማራቶን ተጠባባቂ ወይ ይሮጣል ወይ አይሮጥም። ጥያቄው ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ተጠባባቂው በጥቂት በጥቂቱ በሚሰለፍበት ስፖርት ነው። የአሜሪካ ፉትቦል እንዲህ ያለ ነው። በዚያ ጨዋታ ራኒንግ ባክ የሚባል፣ ኳሱን በእጁ ተቀብሎ በተከላካዮች መካከል ሰንጥቆ የሚሮጥ ተጫዋች አለ። እያንዳንዱ ሩጫው በያርድ ይለካል። ስለዚህ የተጠባባቂን ዋጋ በቁጥር ለማየት ከእርሱ የተሻለ ናሙና አላገኘሁም።

ማይክል ተርነር የሚባል ራኒንግ ባክ ከ2004 እስከ 2007 በሳን ዲዬጎ ቡድን የላዳይኒያን ቶምሊንሰን ተጠባባቂ ነበር። ቶምሊንሰን ደግሞ በ2006 ብቻ 31 ተችዳውን ያስቆጠረ፣ በአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። ይህን ሰው አስቀምጦ ሌላ የሚያሰልፍ አሠልጣኝ በማግሥቱ ሥራ ይፈልጋል። ተርነር በእነዚያ አራት ዓመታት ኳስ ይዞ የሮጠው 228 ጊዜ ነው፤ በሩጫ በአማካይ 5.5 ያርድ፣ 5 ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። በ2008 ወደ አትላንታ ሄዶ ቋሚ ተሰላፊ ሲሆን በአንድ ዓመት ብቻ 376 ጊዜ ሮጦ 1,699 ያርድ ተጓዘ። በአራት ዓመት ካገኘው ዕድል በአንድ ዓመት ያገኘው በለጠ ማለት ነው።

የተርነርን ታሪክ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘጋዋል፤ የተደበቀ ዕንቁ ተገኘ ይላል። ተማሪዎቼ ግን አካፍሉት እላለሁ። 1,699 ለ376 ሲካፈል 4.5 ያርድ ነው። አማካዩ ቀንሷል። ይህ ለምን ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ ነገሩ ይጣፍጣል። ተጠባባቂ ብዙ ጊዜ የሚገባው ተከላካዩ ሲደክም፣ ጨዋታው ሲለይ፣ እርሱም እግሩ ትኩስ ሳለ ነው። ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ የሚያሳየው ነገር ከእውነተኛ አቅሙ በላይ ሊያምር ይችላል። በሌላ ቀን ደግሞ ሰውነቱ ሳይሟሟቅ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሳይግባባ፣ አንዲት ስሕተት እንደምታስወጣው እያሰበ ይገባና ከአቅሙ በታች ይታያል። ጥቂት ደቂቃ በሁለቱም በኩል ይዋሻል። አሠልጣኙ ፍርዱን የሚሰጠው ግን በእነዚያው ደቂቃዎች ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለውም። ሌላ ማስረጃ የሌለው ደግሞ ራሱ ስላላሰለፈው ነው።

ይህ ክብ ነው፤ ከውስጡ ሆኖ ክብነቱ አይታይም። ቋሚው ተሰላፊ በየሳምንቱ ይሰለፋል፣ ይታያል፣ ስሕተቱ በብዙ መልካም ሥራው መካከል ይጠፋል። የተጠባባቂው አንድ ስሕተት ግን የሥራው ሩብ ነው። በዓመቱ መጨረሻ አሠልጣኙ መዝገቡን ይገልጥና፣ «ይኸው፣ ትክክል ነበርኩ» ይላል። መዝገቡን የጻፈው እርሱ መሆኑን ይረሳል።

እኔም ረስቼ ነበር። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ተቋም የትምህርት ክፍላችንን የእግር ኳስ ቡድን አሠለጥን ነበር፤ ማዕረጉ ከእውቀቴ በላይ ነበር ማለት እወዳለሁ። ከይፋት ቆላ የመጣ አንድ ተማሪ በመስመር ይጫወት ነበር። ፈጣን ነው፤ ዝም ይላል። በእርሱ ቦታ የሚሰለፈው ልጅ በሁሉም ዘንድ የተወደደ ስለነበር ያንን ለመነካካት አልደፈርኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ልጅ ያሰለፍኩበት ጊዜ ቢደመር የአንድ ጨዋታ ሙሉ ሰዓት አይሞላም። በመጨረሻም በግምገማ ወረቀቱ ላይ «ተነሣሽነት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን አንብቦ ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም። «መምህር፣ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳሳይዎ ነበር የጠበቁት?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጨዋታው ጠባብ ስለነበረ፣ ሌላኛው ልምድ ስላለው፣ ወዘተ ብዬ አንድ ነገር ቀባጠርኩ። አመስግኖኝ ወጣ፤ ለልምምድ ግን አልተመለሰም። ዛሬ እርሱም መምህር ነው፤ ሲያገኘኝ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም ይለኛል፤ ይህም ነገሩን ለእኔ አያቀልልኝም። ጎበዝ ተጫዋች ይወጣው ነበር ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ጥፋቴ ዕንቁ መጣሌ አይደለም፤ ዕንቁ ይሁን ጠጠር ሳላይ ማየቴን መጻፌ ነው።

ባልደረቦቼ ለምን ይህን በፊታችሁ እንደምናገር ሳይገባችሁ አይቀርም። በየትምህርት ክፍላችን ረዳት ምሩቅ የምንላቸው ወጣቶች አሉ። ፈተና ያርማሉ፣ ቤተ ሙከራ ይከፍታሉ፣ ስም ይጠራሉ። ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት እኛ ስብሰባ ስንሄድ ነው፤ ያውም በዋዜማው ማታ ተነግሯቸው፣ በሌላ ሰው ማስታወሻ። ከዚያም የዕድገት ጉዳይ ሲነሣ «የማስተማር ልምድ የለውም» እንላለን። አንዳንዱ ለወንበሩ ተስማምቶ የቀረ ሊሆን ይችላል። ከወንበሩ ሳናስነሣው ግን ማን መሆኑን አናውቅም።

መፍትሔው ሁሉን በእኩል ማሰለፍ ነው አልልም፤ እርሱ ሲሳይንና ቶምሊንሰንን መበደል ነው። እግር ኳስ ራሱ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀስ እያለ ነው ሐሳቡን የለወጠው። በዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ያውም ሁለት ብቻ። ቁጥሩ አምስት የደረሰው ከ2020 የወረርሽኙ ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ የሠራዊቱ ግማሽ ያህል ሆኗል። የሕግ ለውጥ የሰውን ዕድል ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል፤ የአሠልጣኝን ቸርነት መጠበቅ ሳያስፈልግ።

በእኔ በኩል ያደረግሁት ትንሽ ነው። ከዚያ ልጅ በኋላ ደብተር መያዝ ጀመርኩ፤ ማንን ስንት ደቂቃ እንዳሰለፍኩ፣ በየትኛው ውጤት ላይ እንዳስገባሁት፣ ከመግባቱ በፊት ስንት ጊዜ እንዲሟሟቅ እንደፈቀድኩለት እጽፋለሁ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ረዳቴ የሚያስተምረውን ምዕራፍ በመስከረም አስታውቀዋለሁ፣ የእርሱ ምዕራፍ ነው፣ ስብሰባ ቢኖርም ባይኖርም። ግምገማ ስጽፍ ከአስተያየቴ አጠገብ «ያየሁት በስንት ጊዜ ነው?» የሚል መስመር እሞላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩን ጽፌ አስተያየቱን እሰርዘዋለሁ።

የአጎቴን ረዳት ነገር ሳልጨርስ ቀርቼ ነበር። አንድ ጊዜ አጎቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ወባ ያዛቸው። ብርድ ልብስ ተከናንበው ጋቢና ውስጥ ተኙ፤ ረዳቱ መሪውን ጨበጠ፤ አርማንያን፣ ደብረ ሲናን አልፎ በጨለማ ጣርማበርን ወጣ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ነግቶ ነበር። አጎቴ ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ ስለ ወባው ጽናት ያወሩ ነበር። በሚቀጥለው ጉዞ ያ ረዳት የት ላይ መሪ እንደሰጡት አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ሜዳው ላይ ነዋ» አሉኝ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ወንበር ካሉት እንጀምር።