ጪጩ ላይ መኪናው ቤት ሲሰካ

እሱ፦ እህቴ፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ጌዴኦ፣ ዲላም ጪጩም ቢደርስ አይገርምም። ታዲያ ቤት ሲሰካ ብሬከሩ ቢወርድስ?

እሷ፦ መቼ ወረደ? ልክ እንደተሰካ ከሆነ ኮረንቲ የሚያፈስ ገመድ ወይም እርጥበት የገባበት ሶኬት ይጠረጠራል፤ የጌዴኦን ዝናብ ታውቀዋለህ። ቆይቶ ከሆነ ጭነት በዝቷል።

እሱ፦ ምጣድ አብሮ በርቶ ይሆናላ!

እሷ፦ አየህ፣ በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ መኪና 2,200 ዋት ነው። ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። እኔን የሚያስፈራኝ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ነው፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ገመዱ ይቀልጣል።

እሱ፦ ትልቅ ብሬከር ብንቀይርስ?

እሷ፦ በፍጹም! ሽቦው ሳይወፍር ብሬከር ማሳደግ ቤት ማቃጠል ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተህ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ፤ ከዚያ ኤሌክትሪሽያን ጥራ።